ባለ አንድ ጣሳ ወይስ ባለ ሁለት? ለአሮጌ ጀልባ የቱ ቀለም ይሻላል

የፋይበርግላስ ጀልባ ሲያረጅ ላዩ ይደበዝዛል፤ በእጅ ሲነካ እንደ ጠመኔ ዱቄት ይለቃል። ያኔ ምርጫው ሁለት ነው፦ ባለ አንድ ጣሳ ቀለም፣ ወይም ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ባለ ሁለት ጣሳ ቀለም (ፖሊዩሬቴን የሚባለው)።

ባለ ሁለቱ ጠንካራ ነው። መፋተግን ይችላል፣ ፀሐይም ቶሎ አያደበዝዘውም። ግን ኪስ ይጎዳል። አንዴ ከተቀላቀለ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ ካልፈጠናችሁ እዚያው ዕቃው ውስጥ ይደርቃል። ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሲያኔት ለሳንባ አደገኛ ነው። ያለ በቂ መከላከያ በስፕሬይ መርጨት ቀልድ አይደለም፤ የኮቪድ ማስክ ምንም አያደርግላችሁም።

ባለ አንዱን ከፍቶ በብሩሽ ወይም በሮለር መቀባት ነው። ቶሎ ይጫጫራል፣ ማደሱም ግን ቀላል ነው። ጣና ላይ ቀኑን ሙሉ ሰው ለምታመላልስ ጀልባ እኔ ይሄን እመርጣለሁ።

ከመወሰናችሁ በፊት የድሮውን ቀለም ፈትሹ። ቲነር የነካ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ለጥፉበት። ከለሰለሰ ባለ አንድ ጣሳ ነው። ባለ ሁለቱን በላዩ ከቀባችሁት ይሸበሸባል፤ ሙልጭ አድርጎ መፋቅ ግድ ነው።

በሁለቱም መጀመሪያ ሰሙንና ቅባቱን ጥረጉ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ። ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ለሚቆየው የታችኛው ክፍል ግን ሁለቱም አይሆኑም፤ እሱ የራሱ ቀለም አለው።