ባለ ሦስት ድንጋዩ የፋይበር ፓወር ሜትር ለጅማ ሥራ ይበቃል?

በፋይበር የሚመጣውን የብርሃን ጉልበት የሚለካው ይህ ዕቃ ለቤት ለቤት ዝርጋታ ይበቃል፤ ለሁሉም ሥራ ግን አይደለም።

ሻጭ ቀድሞ የሚያሳየው «እስከ −70 ዲቢኤም ያነባል» የሚለውን ጽሑፍ ነው፤ ዲቢኤም የብርሃን ጉልበት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ መጠን ብርሃኑ ይደክማል። በእሱ አትደነቁ። የጂፖን (አንዱ ፋይበር ለብዙ ቤት የሚከፋፈልበት አሠራር) ሞደም የሚሠራው ከ−8 እስከ −27 ባለው ብርሃን ስለሆነ፣ ከ−50 እስከ +26 የሚለካው ዓይነትም ይህን በደንብ ያነባል። +26 የሚጠቅመው በማጉያ የተገፋ ብርሃን ለሚለካ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሞገድ ርዝመቱ ላይ ነው። ወደ ቤት የሚመጣው ብርሃን 1490 ናኖሜትር ነው። ሜትሩ 1310 ላይ ተስተካክሎ ቢተው ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ 850 ላይ ከተተወ ግን ንባቡ በበርካታ ዴሲቤል ከፍ ይላል፣ የታመመው መስመር ጤነኛ ይመስላል። ምክንያቱም ውስጡ ያለው ፎቶዳዮድ (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ለ850 ደካማ ነው፤ ሜትሩም ያንን ድክመት ለማካካስ ቁጥሩን ያሳድጋል።

ከመለካት በፊት ሒሳቡን ሥሩ። የቴሌኮሙ ማዕከል +3 ቢልክ፣ 1 ለ32 ስፕሊተር (አንዱን ብርሃን ለ32 መስመር የሚያካፍል) 17 ዴሲቤል ገደማ ይበላል፤ 3 ኪሎ ሜትር ፋይበር አንድ ዴሲቤል እንኳ አይሞላም፤ ለኮኔክተርና ለብየዳ አንድ ሁለት ያዙ። −16 አካባቢ መድረስ አለበት። አጂፕ ሰፈር ያለ ቤት −26 ካሳየ ርቀቱን አትውቀሱ። የተጠማዘዘ ገመድ፣ በክረምት ውሃ የገባበት የመገጣጠሚያ ሳጥን ወይም የቆሸሸ ጫፍ ፈልጉ። ጫፉን በ99 ፐርሰንት አልኮልና ብናኝ በማይተው ጨርቅ ጠርጋችሁ እንደገና ለኩ።

አንድ ወጥመድ አለ፦ የሜትሩ አፍ አረንጓዴውንም ሰማያዊውንም ኮኔክተር ይቀበላል። አረንጓዴው ጫፉ በ8 ዲግሪ የተቆረጠ ነው፤ ከሰማያዊ ጋር ሲገጠም መሃላቸው ክፍተት ይቀራል፣ ብርሃንም ይባክናል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ −20 አይታችሁ ሞደሙ ቀይ ሊያበራ ይችላል። ሁልጊዜ ሞደሙ ውስጥ የሚገባውን የመጨረሻ ጫፍ ለኩ።

ሞደሙ የሚልከውን ብርሃን ይህ ዕቃ በትክክል አይለካም። ሞደም በ1310 የሚልከው በቁርጥራጭ ነው፤ ከማዕከሉ ብርሃን ካላገኘ ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላል። ለዚያ መሃል ገብቶ ሁለቱንም አቅጣጫ የሚያሳልፍ የፖን ሜትር ያስፈልጋል።

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ስለ ጠመዝማዛ ብርሃን (ሞገዱ እንደ ብሎን ጥርስ እየተጠመዘዘ ስለሚጓዝ ብርሃን) ለሚያጠኑም አንድ ነገር፦ ፎቶዳዮድ የብርሃኑን ብዛት እንጂ ጥምዙን አያውቅም። ጥምዞቹን የሚለየው ከፊቱ የሚቀመጥ እንደ ፎቶኒክ ቺፕ (ብርሃንን የሚመራ ቺፕ) ያለ ዕቃ ነው፤ እያንዳንዱን ወደ ራሱ መስመር ይመራል፣ ፎቶዳዮዱ የሚቆጥረው ከዚያ በኋላ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ይህ ብርሃን 1.1 ኪሎ ሜትር የተጓዘው ለዚሁ በተሠራ ፋይበር ነበር፤ የመንገዳችን ባለ 9 ማይክሮን ፋይበር አያሳልፈውም።

ሜትሩ ላይ ያለው ስብራት መፈለጊያ ቀይ መብራት በቢጫ ፓች ኮርድ (አጭር የቤት ውስጥ ፋይበር ገመድ) ላይ ስብራቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ በጥቁሩ የውጭ ገመድ ግን አይታይም። ስትገዙ ለትንሹ ኮኔክተር የሚሆን የ1.25 ሚሊ ሜትር አፍ መኖሩን ጠይቁ፤ ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከ2.5ቱ ጋር ብቻ ነው።