ሄሊየም የማይሞላበት ማቀዝቀዣ፦ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ

ማሽኑ ይተነፍሳል። ጽስ... ጽስ... ጽስ። ቀን ከሌሊት። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፌ ውስጥ ሁሉ ይሰማኝ ነበር።

ፐልስ ቲዩብ የሚባለው ዓይነት ነው። ለማቀዝቀዝ ፈሳሽ ሄሊየም አይጨመርበትም። ኮምፕረሰሩ ውስጡ የታሸገውን ጋዝ እያመላለሰ 4 ኬልቪን ገደማ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ያደርሳል።

የምንፈትሸው ለሩቅ ኢንፍራሬድ (ዓይን ለማያየው የሙቀት ጨረር) ቴሌስኮፕ የሚሆን ሌንስና ማጣሪያ ነው። ችግሩ፣ ያልቀዘቀዘ ዕቃ ራሱ በዚያው ሞገድ ያበራል፤ ሌንሱም፣ መያዣውም። በጠራራ ፀሐይ የሻማ ብርሃን እንደ መፈለግ ነው። ኸርሸል የተባለው የአውሮፓ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲመጥቅ ከ2,000 ሊትር በላይ ፈሳሽ ሄሊየም ይዞ ነበር። በ2013 ሄሊየሙ አለቀ፣ ምልከታውም በዚያው አበቃ። እኛ በድሮው ዕቃ እሁድ ሌሊት ሳይቀር ሄሊየም ለመሙላት እንመላለስ ነበር። ከዚያ መገላገል ብቻውን ለኔ ግማሽ ዋጋውን ይመልሳል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ካታሎጉ ላይ ያለው የማቀዝቀዣ ሰዓት ለባዶ ማሽን ነው። የኛን መስታወቶችና የመዳብ ሳህን ስንጭንበት 31 ሰዓት ፈጀ። ሻጮቹ ይቺን አልነገሩንም። ቴርሞሜትሩንም ያለ ግሪስ በብሎን ብቻ አስረው ነው የላኩት። ቫኪዩም (አየር አልባ ክፍል) ውስጥ ደረቅ ብረት ለብረት ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ 6.5 ኬልቪን እያሳየ አምስት ቀን አቃጠለን። ፈትተን ጠብታ ግሪስ ብናደርግበት 4.1 አለ። ያናድዳል!

የመጀመሪያው ሌንስ መሰንጠቅ ግን የኔው ጥፋት ነው። 60 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የሲሊከን ሌንስ ነበር። አሉሚኒየም ቀለበት ውስጥ ልክክ አድርጌ አስገባሁት። አሉሚኒየም እዚያ ቅዝቃዜ ድረስ ሲወርድ 0.4 በመቶ ያህል ይኮማተራል፣ እዚህ ላይ ሩብ ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ሲሊከን ደግሞ ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። ስከፍተው ከጠርዙ እስከ መሃል ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ። አሁን ክፍተት ትቼ በስፕሪንግ ነው የምይዘው።

ንዝረቱን አልለመድኩትም። የሌዘሯ ነጥብ ከትንፋሹ ጋር ትዘላለች። ጥንቃቄ የሚፈልግ ልኬት ሲኖረን ኮምፕረሰሩን አጥፍተን፣ ሳይሞቅ በፊት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንሽቀዳደማለን።

ድጋሚ ልግዛ ብባል እገዛለሁ። ግን ቅዝቃዜውን እያስተላለፈ ንዝረቱን የሚቀንስ፣ ከተጣጣፊ የመዳብ ሽቦ የተጎነጎነ ማገናኛ አብሮ እንዲመጣ ውሉ ላይ አስጽፋለሁ፤ እኛ በኋላ ለብቻው ከፍለንበታል።