ኡራ ኪዳነ ምሕረት፦ ከመግዛት በፊት ማየት

ታላቅ እኅቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ በመጣች ጊዜ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ተነሥተን የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን ለማየት በጣና ሐይቅ ወዳለው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ሄድን። እኔ በከተማው ስለምኖር መንገዱን ከአንድም ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በገዢ ዓይን የተመለከትሁት ግን ያን ቀን ነው። ስለዚህ ስለ ጀልባው፣ ከመውረጃው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ስለተደረደሩት የሻጮች መደቦችና ስለ ሕንፃው የታዘብሁትን ወደፊት ለሚሄዱ እጽፋለሁ።

ጀልባው ንጹሕ ነበር፤ የሕይወት አድን ጃኬትም ለእያንዳንዳችን ሰጡን። ጉዞው አንድ ሰዓት ያህል የፈጀ ሲሆን፣ በመንገዳችን ከደንገል በተሠራ ታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎችን አይተናል። ቅር ያሰኘን የክፍያው ነገር ነው። ዋጋውን ጠዋት ተስማምተን ብንሳፈርም፣ ስንመለስ ባለጀልባው ለጠበቀበት ሰዓት ተጨማሪ ገንዘብ ጠየቀን። ተመልካች ቢያንስ ሁለት ሰዓት እንደሚቆይ እያወቀ ይህን አስቀድሞ አለመንገሩ ተገቢ አልነበረም፤ ስትዋዋሉ የመቆያው ጊዜ በዋጋው ውስጥ መካተቱን በግልጽ ጠይቁ።

ከጀልባው ወርዶ ወደ ኡራ የሚያወጣው ጠባብ መንገድ በቡና ጥላ ውስጥ ያልፋል። በዘጌ እርሻ እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባ በገዳሙ መሥራች በአቡነ በትረ ማርያም ዘመን እንደተወሰነ ይነገራል፤ ሕዝቡ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ደኑም እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የብራና ሥዕል፣ የእንጨት መስቀል፣ ነጠላና ትንንሽ የደንገል ታንኳ የሚሸጡ መደቦች አሉ። እኅቴ ገና ሦስተኛው መደብ ላይ ሳትደርስ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ገዛች። እኔም ዝም ማለቴ ስሕተት ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ጣሪያው ሾጣጣ ሆኖ ጉልላቱ በመስቀል ያልቃል። ከውጭ ሲያዩት ትሑት የሆነ ሕንፃ ውስጡ ሲገቡ ሌላ ነው። ማኅሌት የሚቆምበት ቅኔ ማኅሌት በስተውጭ ይዞራል፤ ቀጥሎ ቅድስት አለ፤ በመካከል ታቦቱ የሚያርፍበትና ከካህናት በቀር የማይገባበት አራት ማዕዘን መቅደስ ቆሟል። ክቡ ሕንፃ አራት ማዕዘኑን ስላቀፈው፣ ምእመኑ በቅድስት ሲዞር የመቅደሱ ግድግዳ አራቱም ገጽ በተራ በፊቱ ይገለጥለታል። ሥዕሎቹ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳው ላይ የተለጠፉ ሲሆኑ፣ በከፍተኛዎቹ የእንጨት በሮች ላይ ሊቃነ መላእክት ቆመዋል። ካህኑ በሩን ከፍተው ብርሃን ሲያስገቡ ቀዩና ቢጫው ቀለም ከጨለማው ወጣ፤ እኅቴ ለረጅም ጊዜ ቃል አልተናገረችም።

ካህኑ በትዕግሥት አስረዱን። ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ሙሉ ፊታቸው ይሣላል፤ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ። 78 ነፍስ የበላው በላዔ ሰብእ ለተጠማ ሰው በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምሕረት ማግኘቱም በዚያ ተሥሏል፤ ቤተ ክርስቲያኑ የኪዳነ ምሕረት ነውና ሥዕሉ በቦታው ነው። ሴቶች ወደማይገቡባቸው እንደ ክብራን ገብርኤል ካሉት ገዳማት በተለየ ኡራ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ፣ እኅቴም ነጠላዋን አጣፍታ ጫማዋን አውልቃ ገብታለች።

ከዚህ በኋላ ስንወርድ መደቦቹን የምናይበት ዓይን ተለውጦ ነበር። ጠዋት የተገዛው የጊዮርጊስ ሥዕል ፈረሱ በችኮላ የተሣለ፣ ዘንዶውም ሁለት ዓይን ያለው ሆኖ አገኘነው። አንድ ወጣት ሻጭ ግን ሥራውን አክብሮ የያዘ ነበር። «እትዬ፣ ወደ ብርሃኑ ያዙትና ይዩት» ብሎ ብራናውን ለእኅቴ ሰጣት፤ ጠጉሩ ከበቀለበት በኩል ጥቃቅን ነጠብጣብ ይታያል፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ ያደላል፤ የሥጋው ወገን ግን ነጣ ያለ ነው። ወረቀትን በሻይ ነክሮ እንደ ብራና የሚሸጥ ሰው ይህን ምልክት ሊያመጣው አይችልም። የጠየቀው ዋጋ ከጠዋቱ ይበልጣል፤ ጥቂት ቀንሶልን የበላዔ ሰብእን ሥዕል ወሰድን፤ በእኔ ግምት ከከፈልነው በላይ ያወጣል።

ቡናውን ከአንዲት እናት ያልተቆላውን በጣሳ ገዛን፤ እፍኝ አንሥተው ስለመረቁልን ሳንከራከር ከፈልን። የጣና ነፋስ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጀልባው በ7 ሰዓት እንዲነሣ ብትስማሙ ይሻላል፤ እኛ ዘግይተን ተነሥተን ውኃው እስከ ባሕር ዳር ሲረጨን፣ እኅቴ ብራናውን በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛው ነበር።