ኢስተር ኤገር ዶሮዎቼ ከ20 ወር በኋላ

ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ባለው ትንሽ ጓሮዬ ዶሮ ለማርባት ስነሳ ልቤን የወሰደው የእንቁላሉ ቀለም ነበር። ሰማያዊና አረንጓዴ የምትጥል ዶሮ አለች ሲሉኝ ካላየሁ አላምንም ብዬ ነበር። ዛሬ ቀለሙን እንደ መጀመሪያው ቀን እወደዋለሁ፤ አዲስ ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ ማየት ያለበት ግን የዶሮዋን አናት ነው እላለሁ።

ኢስተር ኤገር የጠራ ዝርያ አይደለም። ሰማያዊ የመጣል ባሕርይዋን ከቺሌው አራውካና ወይም ከእርሱ ከተገኘው አሜራውካና የወረሰች ድቅል ናት። ስሟም ለፋሲካ ከሚቀባው እንቁላል የመጣ ነው። ድቅል በመሆኗ ምን ቀለም እንደምትጥል ማንም ዋስ አይሆንላችሁም።

በሚያዝያ አምስት የአንድ ቀን ጫጩቶች ገዛሁ። ሁሉም ሴት ናቸው ተብዬ ነበር፤ በሦስተኛው ወር አንደኛው አንገቱን አስግጎ ጮኸ። ከተማው አውራ ዶሮ ስለማይፈቅድ ገጠር ለሚኖር ሰው ሰጠሁት። ልጆቼ ስም አውጥተውለት ስለነበር አለቀሱ፤ እኔም ከፋኝ። የቀሩት አራት ቄቦች በጥቅምት መጣል ጀመሩ። ሁለቱ ሰማያዊ፣ አንዷ አረንጓዴ፣ አራተኛዋ ግን ፈዛዛ ቡኒ።

ባለፈው ፋሲካ ለዶሮ ወጥ የቀቀልኩትን ስልጥ አንድ ነገር አየሁ። የአረንጓዴው እንቁላል ቅርፊት በውስጥ በኩል ሰማያዊ ነው። ሰማያዊው ቀለም ቅርፊቱን ዘልቆ ይገባል፤ ቡኒው ግን ከላይ ብቻ ይለበጣል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ አረንጓዴ ይሆናሉ። ጣዕሙ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም፤ እርሱ የመኖው ጉዳይ ነው።

የቀለሙ ትልቅ ጥቅም ሌላ ነው። እያንዳንዷ የራሷን ቀለም ስለማትለቅ ማን እንደጣለች፣ ማን እንዳቆመች ሳልጠይቅ አውቃለሁ። በሰኔ ለአንድ ሳምንት አረንጓዴው ሲጠፋ ዶሮዋ ታማለች ብዬ ተጨነቅሁ። ስከታተላት ከአጥሩ ሥር ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ አራት እንቁላል አስቀምጣ አገኘኋት። ቤታችን የነበሩት የሀበሻ ዶሮዎችም እንዲሁ ይደብቁ ነበር። የእኔዎቹ ግን እንደ እነርሱ መታቀፍ አይወዱም፤ ጫጩት ማስፈልፈል ለሚፈልግ ሰው አይሆኑም።

አሁን ወደ ብርዱ ልምጣ። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በወረደበት ሳምንት ይበርዳቸዋል ብዬ የቤታቸውን ቀዳዳ ሁሉ ደፈንኩ። ጠዋት ስከፍት ግድግዳው በውስጥ በኩል አመዳይ ለብሷል፣ ሳጋቱራው ረጥቧል። ከትንፋሻቸውና ከኩሳቸው የሚወጣው እርጥበት መውጫ አጥቶ ነበር። የቡኒዋ ዶሮ አናት ላይ ያለው ረጅሙ ቀይ ሥጋ ጫፉ ጠቆረ፤ ብርዱ በልቶት ነበር። የሦስቱ አጭር፣ አተር በረድፍ የተደረደረበት የሚመስል ሥጋ ግን አንዳች አልሆነም። በዚያው ቀን ከቆጡ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር አየር ማውጫ ከፈትኩ፤ ዳግመኛ አልደረሰብንም። ማሞቂያ አላስገባሁም፤ ሳጋቱራና የኤሌክትሪክ ሙቀት አንድ ላይ እሳት ይጠራሉ። ለውኃው ብቻ እንዳይረጋ የሚያሞቅ ማስቀመጫ ገዛሁ።

በደህናው ወራት እያንዳንዷ በሳምንት አራት ወይም አምስት መካከለኛ እንቁላል ትጥላለች። በመጀመሪያው ብርድ ቀነሱ እንጂ አላቆሙም። በሁለተኛው ዓመት ግን ከመኸር በኋላ ላባቸውን አራግፈው ጭራሽ አቆሙ። አገራችን ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ስለሚጠጋ ይህን አላውቀውም ነበር፤ እዚህ በታኅሣሥ ብርሃኑ ከ10 ሰዓት ያንሳል፣ ዶሮዋ ደግሞ በደንብ ለመጣል 14 ሰዓት ያህል ትፈልጋለች። መብራት የሚያበሩ አሉ። እኔ ይረፉ ብዬ ተውኳቸው።

በኋላ እንደተረዳሁት የአተር መሳዩ ሥጋና የሰማያዊው እንቁላል ባሕርያት በዘር ተቀራርበው ስለሚቀመጡ ብዙ ጊዜ አብረው ይወረሳሉ። ባለ ረጅሟ ዶሮዬ ቡኒ መጣሏ ለካ ያለ ምክንያት አልነበረም። በመጪው ሚያዝያ ሦስት ጫጩቶች እጨምራለሁ። በዚህ ጊዜ የላባቸውን ውበት ትቼ ከምንቃራቸው በላይ ጎንበስ ብዬ አያለሁ፤ ሦስት ዝቅተኛ መስመር ያላቸውን ብቻ እወስዳለሁ።