ፎርምን ከኤክስኤምኤል ለማያያዝ፦ ኢንፎፓዝ፣ ኦርቢዮን ወይስ ኦዲኬ?

ሦስቱም ፎርም መሥሪያ ፕሮግራሞች ናቸው፤ መሠረታቸውም አንድ ነው። ዳታው በኤክስኤምኤል (እያንዳንዱን መረጃ በስሙ ለይቶ በሚያስቀምጥ የጽሑፍ ፋይል) ለብቻው ይቀመጣል፤ የፎርሙ እያንዳንዱ ሣጥን ደግሞ ዳታው ውስጥ የራሱ አድራሻ አለው። ፎርሙን የሚሞላው ሰው 34 ብሎ ሲጽፍ ቁጥሩ የዕድሜው ታግ (የመረጃውን ስም የያዘው ምልክት) ውስጥ ይገባል። ልዩነቱ ያንን አድራሻ ማን ይጽፈዋል የሚለው ላይ ነው።

ኢንፎፓዝ ከማይክሮሶፍት ኦፊስ 2003 ጋር የመጣ ነው። ከዳታው ዝርዝር ጎትተህ ገጹ ላይ ትጥላለህ፣ አለቀ። ለመልመድ ይሄን የሚያህል አልነበረም። ግን የመጨረሻው ስሪት የ2013ቱ ነው፤ ማይክሮሶፍትም ድጋፉን የሚያቆምበትን ቀን ጁላይ 14፣ 2026 ብሎ ቆርጧል። አሁን በእሱ አዲስ ሥራ መጀመር ሊፈርስ ምልክት የተደረገበትን ቤት ቀለም መቀባት ነው።

ኦርቢዮን የሚሠራው በኤክስፎርምስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀ የድር ፎርም ስታንዳርድ። ብሮውዘሮች ስላልተቀበሉት ሥራው ጃቫ ሰርቨር ላይ ያልቅና ለብሮውዘሩ ተራ ኤችቲኤምኤል ይላካል። ነፃም የሚከፈልበትም እትም አለው። ተቀባዩ መሥሪያ ቤት "ኤክስኤምኤሉ በዚህ ቅርጽ ካልመጣ አልቀበልም" ካለ የእኔ ምርጫ እሱ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በፎርም መሥሪያው ከሠራችሁ ኤክስኤምኤሉ የራሱን ቅርጽ ይይዛል። የፈለጋችሁትን ቅርጽ ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ ኤክስፎርምሱን በእጅ መጻፍ ይጠይቃል። ስለዚህ በጀቱ ውስጥ የጃቫ ባለሙያ ደመወዝ ይግባ።

ኦዲኬ የሚሠራው በዚያው ኤክስፎርምስ ቀለል ባለ ዓይነት ነው። ጥያቄዎቹን ኤክሴል ላይ ትደረድራለህ፣ አድራሻውን ራሱ ይጽፋል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሞላል። ኮቦቱልቦክስ የተባለው የዳታ መሰብሰቢያም ይህንኑ የኤክሴል አሠራር ይቀበላል። ለእኛ አገር ሥራ ደግሞ ቀን መጠየቂያው በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲታይ ማድረግ ይቻላል፤ ጠያቂው መስከረም 1 ቀን 2017 ሲመርጥ ፋይሉ ውስጥ የሚገባው 2024-09-11 ነው።

የኦዲኬ ጣጣ እኔን አንዴ አስለቅሶኛል። ጥናቱ ተጀምሮ እያለ የዕድሜን ጥያቄ "ቤተሰብ" የሚል ግሩፕ (የጥያቄዎች ስብስብ) ውስጥ ከተትኩት። አድራሻው ተቀየረ። ዳታው ሲወጣ ዕድሜ በሁለት ዓምድ ተከፍሎ መጣ፤ ሁለቱን ማዋሐድ አንድ ቀን በላብኝ።

የታግ ስም በአማርኛ ይሁን ለምትሉ፦ ኤክስኤምኤል 1.0 ፊደላችንን በታግ ስም የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው አምስተኛ እትም ነው፤ የድሮውን ሕግ ይዘው የቀሩ ፕሮግራሞች ዛሬም አይቀበሉትም። ፎርሙን የሚሞላው ሰው የሚያየው ጥያቄ አማርኛ ይሁን፣ ታጉ በላቲን ይቆይ።