ብየዳ መማር ለምትፈልጉ፣ መጀመሪያ እኚህን ሰው እዩልኝ

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ በተለይ እህቶቼ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

አሉሚኒየም በአርጎን ጋዝ መበየድ ልማር ብዬ መጀመሪያ የከፈልኩበትን ቦታ ስም አልጠራም። 9 ሺህ ብር ተቀበሉኝ፤ ስድስት ሳምንት ብረት ስሞርድና ወለል ስጠርግ ከረምኩ። ማሽኑ ጋ ስጠጋ "አንቺ ጋዝ ታባክኛለሽ!" ሌላ ቦታ ደግሞ ሰውዬው ስቆ "ፀጉር ሥራ አይሻልሽም?" ብሎ ሸኘኝ። አልቅሼ ነው ቤቴ የገባሁት። ብሬም እዚያው ቀረ።

ብየዳ ያስተማሩኝን ጋሼን ያገኘኋቸው ወንድሜ ባጃጁን በሚያሠራባት አባይ ማዶ ያለች ጋራዥ ነው። የችቦዋ (በእጅ የምንይዛት መበየጃ) ጫፍ ላይ ያለችው ተንግስተን የምትባል ቀጭን ዘንግ የቀለጠውን አሉሚኒየም በነካች ቁጥር ትቆሽሻለች፣ እንደገና መሳል አለባት። የመጀመሪያ ቀን ስንቴ እንዳስነካኋት እኔ እንጃ። ጋሼ አንዴም "ኤጭ" አላሉም። ተቀብለው፣ ስለው፣ "እኔም እንዲህ ነበርኩ ልጄ" ብለው ይመልሱልኛል።

መብራት የጠፋ ዕለት ሂጂ ይሉኛል ስል ቡና አዘዙ። በአንድ እጄ ስኒ፣ በሌላው የመሙያ ሽቦዋን በጣቶቼ መሃል እየገፋሁ ማሳለፍ። ሦስተኛው እስኪጠጣ ሽቦዋ መንቀጥቀጥ ተወች። ማታ ቤት ስለማመድ እናቴ "ደግሞ መቁጠሪያ ያዝሽ?" አለችኝ።

ስለ ኤሲና ዲሲ፣ ስለ ሁለቱ የኤሌክትሪክ ዓይነቶች፣ የነገሩኝ እስካሁን በቅጡ አልገባኝም፣ ልዋሽ አልችልም። የገባኝ ስልባቦቱ ነው። "አሉሚኒየም እንደ ወተት ስልባቦት አለው። ውስጡ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ስልባቦቱ ግን ከ2000 በላይ ይፈልጋል። እንደ ብረት ቀልቶም አያስጠነቅቅሽም። ሲያብረቀርቅ ጠብቂው።" ለዚህ ነው ስልባቦቱን በብሩሽ ሳንፍቅ ችቦ የማያስነሱን።

የወንድሜን ባጃጅ የተሰነጠቀ የሞተር ክዳን "አዲስ ግዛ" ተብሎ ነበር። ዘይት የጠጣ ስለሆነ ስበይደው ጥቁር ጥቁሩን ይተፋብኝ ጀመር። ጋሼ ሦስቴ አስጠርገው አስደገሙኝ። መልኩ አያምርም፤ ግን ይኸው ሁለት ወሩ፣ ጠብ አላለም!

ስልካቸውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ፌስቡክ ላይ አታውጪኝ ብለውኛል። ሂዱ፣ ኧረ ሂዱ! አንገታችሁን ግን በጥጥ ልብስ ሸፍኑ፤ የኔ በብርሃኑ ተቃጥሎ ሳምንት ሙሉ ነጠላ ተከናንቤ ነው የዋልኩት።