ሌዘር ወይስ ቴርማል? ለጅማ ክሊኒክ የሚሆን የራጅ ፊልም ማተሚያ

ክሊኒክ የሚከፍቱ ወዳጆቼ «ከሌዘርና ከቴርማል ማተሚያ የየትኛው ጥራት ይበልጣል?» ይሉኛል። ለደረትና ለአጥንት ራጅ ከሆነ ጥራቱ አያጣላም። ከሁለቱም ዓይነት በአንድ ኢንች 320 ገደማ ነጥብ የሚያትሙ ሞዴሎች አሉ። ጅማ ላይ የሚያጣላው መብራትና አቧራ ነው።

ሌዘሩ፣ ለምሳሌ ድራይቪው፣ ብርሃን በሚነካው ፊልም ነው የሚሠራው። ሌዘሩ ዓይን የማያየው ምስል ይጽፍበታል። ከዚያ ፊልሙ 120 ዲግሪ ገደማ በጋለ ከበሮ ላይ ሲያልፍ ውስጡ ያለው የብር ውህድ ይጠቁርና ምስሉ ይወጣል። ዴቨሎፐርና ፊክሰር የሚባል የፊልም ማጠቢያ ኬሚካል የለ፣ ጨለማ ክፍል የለ። ጣጣው ከበሮው ነው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር እስኪግል ትጠብቃላችሁ፤ ታካሚው ኮሪደር ላይ ይቁለጨለጫል። ስለዚህ የዩፒኤሱን (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚይዘውን ባትሪ) ዋጋ አብራችሁ ደምሩ። የፊልሙን ካርቶን ደግሞ ማንም እንዳይከፍተው። አንድ አዲስ ልጅ «ስንት ቀረ?» ብሎ ከፍቶ ሙሉውን በብርሃን አቃጥሎብናል።

ቴርማሉ፣ ለምሳሌ ድራይስታር፣ ፊልሙ ብርሃን አይፈራም። ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ብትጭኑትም ግድ የለውም። ትንንሽ ማሞቂያዎች የተደረደሩበት ሄድ ምስሉን በነጥብ በነጥብ ይሥላል። ሄዱ ግን አቧራ አይችልም። አንድ በጋ መስኮቱን ክፍት ትተን የባጃጁ አቧራ ገባ። ሳንባው ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጭን ነጭ መስመር ወጣ። ሐኪሙ ደንግጦ ታካሚዋን መልሶ አስጠራት። ሄዱን በአልኮል ስንጠርገው መስመሩ ጠፋ።

ሙቀት የሁለቱንም ፊልም ያበላሻል። ከሰቃ የመጡ አንድ አባት ፊልማቸውን ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ አስቀምጠውት ከርሞ፣ ሲያመጡት እንደ ጭስ ጠቁሯል። ለታካሚው ይህን መንገር የእናንተ ሥራ ነው።

እኔ ብሆን በቀን ጥቂት ራጅ ለሚያነሳ ትንሽ ክሊኒክ ቴርማል እገዛለሁ። ሲቲ ስካን ያለውና ጄኔሬተሩ የማያስጨንቀው ቤት ሌዘሩን ይውሰድ።

ማሽኑ የራሱን ድርጅት ፊልም ብቻ ነው የሚቀበለው። የማሽኑን ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ፊልሙ አዲስ አበባ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። ቀጥሎ ሻጩ ሙሉ ጥቁር አንድ ፊልም ያትምላችሁ፤ መብራት ላይ ለጥፉና መስመር ፈልጉ።